ከሐዋሳ አዳማ፦ ስምንት ሰውና አንድ ቱቦ ላባ

እኔ ባድሜንተን ተጫውቼ አላውቅም፣ ይሄን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። የሚጫወቱት የእህቴ ልጆች ናቸው፣ ወንድምየው 17 እህትየዋ 15፣ ሚክስድ ደብል፣ ማለትም አንድ ወንድና አንዲት ሴት ጥንድ ሆነው ነው የሚገቡት፣ ቤት በሪሞት ይጣላሉ ሜዳ ላይ ደሞ «ያንቺ ነበር» «ያንተ ነበር» እየተባባሉ ይጣላሉ። አዳማ የወዳጅነት ውድድር አለ፣ ከአምስት ከተማ ልጆች ይመጣሉ ሲባል እናታቸው «አጎታቸው አብሮ ካልሄደ ወንዱ ይሂድ፣ እሷ ግን የትም አትሄድም» አለች፣ ልጅቷ ሁለት ቀን አለቀሰች፣ እኔ ከመስሪያ ቤት የአመት እረፍት ጠየቅኩ፣ በቃ እንዲ ሆኜ ነው የሄድኩት። ስምንት ነበርን፣ ስድስት ልጆች፣ ኮችና እኔ። ከተመለስን ሳምንት አልፎናል፣ በየማታው ስልኬ ላይ የጫርኳትን ነው አሁን ቁጭ ብዬ የምጽፈው።

ሐሙስ የካቲት 6፣ 2017፦ ሐዋሳ፣ ባቱ፣ አዳማ

ሌሊት 11 ሰዓት መናኸሪያ ተቃጠርን፣ 11 ተኩል ላይ ሁሉም መጣ፣ 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ሚኒባሱ ሞላ። ታሪፉ በሰው 450 ብር አሉን፣ እሺ። ረዳቱ ግን የራኬቱን ቦርሳና የታሸገውን መረብ አይቶ «ለዚ ትርፍ ጭነት 200 ጨምሩ» አለ። ኮች ምንም ሳይናደዱ ከጃኬታቸው ውስጥ የሻትሉን ቱቦ አወጡ (ሻትል በራኬት እየተመታ የሚመላለሰው ባለ ላባው ነገር ነው፣ እኛ ላባ ነው የምንለው)፣ አንዷን ላባ መዘው የልጁ መዳፍ ላይ አስቀመጡለት። «ስንት ኪሎ ትመዝናለች?» አሉት። ልጁ እጁን ከፍ ዝቅ አደረገና ሳቀ። አንዷ ላባ ከ4.74 እስከ 5.50 ግራም ነው መሆን ያለባት፣ ከዚያ ካለፈች ለውድድር አትሆንም፣ ይሄን እንግዲህ የነገሩት ለሚኒባስ ረዳት ነው። 100 ብር ከፍለን ተስማማን።

ስለ ቱቦው አንድ ነገር ልበል ምክንያቱም የጉዞው ዋና ሰው እሱ ነው። ቱቦው ውስጥ 12 እውነተኛ የላባ ሻትል አለ፣ የዝይ ላባ፣ እያንዳንዷ 16 ላባ ቡሽ ላይ ተሰክቶባት። ኮች የገዙት በ3400 ብር ነው፣ ከሰው ለምነው ከአዲስ አበባ አስመጥተው። ሐዋሳ ልጆቹ የሚለማመዱት በፕላስቲኩ ነው፣ ፕላስቲኩ ወር ይቆያል፣ ላባው ግን ጥሩ ተጫዋች እጅ ከገባ በአንድ ጨዋታ ሁለት ሶስት ይበላል። እና ልጆቹ ላባ የሚነኩት ለውድድር ብቻ ነው፣ ያው እንደ አዲስ ጫማ በአመት በዓል ብቻ ማለት ነው። በፕላስቲክ ተለማምዶ በላባ መወዳደር ምን ያህል እንደሚያስቸግር አዳማ ላይ ገባኝ።

ሻሸመኔ ሳንደርስ ፍተሻ አስቆመን። ሁላችንም ወረድን መታወቂያ አወጣን፣ ፈታሹ ረጅሙን ቦርሳ በእግሩ ነካ አድርጎ «ይሄ ምንድነው?» አለ። ከልጆቹ አንዱ፣ ገና እንቅልፉን ያልጨረሰው፣ «ራኬት ነው» አለ። ፈታሹ «ሮኬት?» አለ። እውነት ለመናገር ለሶስት ሰከንድ ያህል ያ መንገድ ላይ ትንፋሽ የሚባል አልነበረም፣ አንዲት እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ኮች ቀስ ብለው ዚፑን ከፈቱት፣ ሰውየው አየ፣ ከዛ ራሱ ነው ቀድሞ የሳቀው፣ አንዱን ራኬት አንስቶ አየር ላይ ሁለት ጊዜ ወዘወዘና «ሂዱ ሮኬቶች» አለን። እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ስማችን እሱ ሆኖ ቀረ።

ነገሌን አልፈን የላንጋኖን አካባቢ ከሰል ተራ እያየን ባቱ ገባን፣ ቁርስ። የነነዌ ጾም ረቡዕ አልቋል ነገ ደሞ ዓርብ ነው፣ ስለዚ ሁሉም ዛሬን ልብላበት ባይ ነው። ዓሳ ጥብስ አዘዝን፣ አንዱ 280 ብር። የሐዋሳ ሰው ባቱ ሄዶ ዓሳ ሲበላ ፊቱ ላይ የሚታይ ነገር አለ፣ እኔም ነበረብኝ። ዓሳው ትኩስ ነው፣ በደንብ ተተልትሏል፣ ጥርት ብሎ ተጠብሷል፣ ግን በአዋዜ ነው የሚመጣው፣ ዳጣ የለም። ሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሳ ተራ ቁጭ ብሎ በዳጣ የለመደ አፍ ምን ይበል። ወንድምየው ሁለት በላ፣ ኋላ ሚኒባስ ውስጥ ሆዱን ይዞ ሲያቃስት እህቱ «ነገ በዚህ ሆድ ነው ከኔ ጋር የምትገባው» እያለች እኔን እንቅልፍ እስኪወስደኝ ድረስ ወቀሰችው።

ከባቱ እስከ ሞጆ በፈጣን መንገዱ ነው የሄድነው፣ ስለሱ የምጽፈው የለኝም ምክንያቱም ተኝቻለሁ። የነቃሁት ኮች ትከሻዬን ነካ አድርገው «ያቻትና» ሲሉኝ ነው። አዳማ ልንገባ ስንል ከጋራው ላይ ያሉት ነጫጭ የንፋስ ማመንጫዎች። የመጀመሪያው ጣቢያ ብቻ 34 ተርባይን ነው 51 ሜጋ ዋት፣ ሁለተኛው ሲጨመር ደሞ ሌላ 102 ተርባይን። ሌላው ሰው ፎቶ ያነሳል፣ ኮች ግን ፊታቸው ጠቆረ። «እየዞሩ ነው» አሉ። ታዲያ ለመዞር አይደል የተተከሉት አልኳቸው። «መንግስት ንፋስ አለ ብሎ ገንዘቡን ያፈሰሰበት ከተማ ላባ ይዘን እየገባን ነው» አሉኝ።

ሙቀቱ፣ አቤት ሙቀቱ። አዳማና ሐዋሳ ከፍታቸው ተቀራራቢ ነው ሁለቱም 1700 ሜትር አካባቢ፣ እኛ ግን ሐይቁ ያስታግስልናል፣ እዛ ደረቅና አቧራማ ነው። ባጃጅ ኮንትራት እስከ ፖስታ ቤት አካባቢ 150 ብር፣ ለሁለት ባጃጅ 300። ሐዋሳ ቢሆን 80 ነበር ብዬ ተከራከርኩ፣ ባለ ባጃጁ «ሐዋሳ ሂድና ተሳፈራ» አለኝ፣ ልክ ነው። ፔንሲዮኑ አንድ ክፍል 700 ብር፣ ሶስት ክፍል ያዝን፣ ንጹህ ነው አልጋውም ጥሩ ነው፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ ግን ውሃ ሄደ፣ ገና ሳሙና ተቀብቶ የነበረው ረጅሙ ልጅ በግማሽ ሊትር ሀይላንድ ውሃ ታጠበ። ሁለት ሀይላንድ፣ 50 ብር።

ማታ በረንዳው ላይ ተቀምጠን ልጆቹ ስልክ ላይ የአልጄሪያዎቹን ወንድምና እህት ያያሉ፣ ኮሴይላ ማመሪና ታኒና ማመሪ፣ ፓሪስ ኦሎምፒክ ላይ ሚክስድ ደብል አብረው የተጫወቱት። የኔዎቹ እነዚህን ነው የሚያመልኩት ምክንያቱ ግልጽ ነው። በዚያው የካቲት ካሜሩን ዱዋላ ላይ የአፍሪካ ሻምፒዮናም ነበርና ወሬው ሁሉ እሱ ነበር። ኮች ሲሰሙ ቆይተው «እኔ የአፍሪካ ሻምፒዮና ላይ ተቀምጫለሁ» አሉ፣ እንዲሁ እንደ ቀላል ነገር። በ2004 ዓ.ም. ሻምፒዮናው አዲስ አበባ ሲዘጋጅ የመስመር ዳኛ ነበሩ። ይሄ ውድድር እኮ በፈረንጆቹ 1979 ጋና ኩማሲ ላይ የተጀመረ ነው፣ አንድ ጊዜ እኛ ቤት መጥቶ እንደነበር ከልጆቹ አንድም የሚያውቅ አልነበረም፣ ትንሹ እንደውም ያኔ አልተወለደም።

ስለ ጨዋታው ምንም አልነገሩንም፣ ማን አሸነፈ ስንላቸው «እኔ መስመር ነው ያየሁት» ነው መልሳቸው። ወንበር ላይ ትቀመጣለህ፣ አንድ መስመር ይሰጥሃል፣ ከሱ ውጪ ዓለም የለም። ከወጣች ሁለት እጅህን ወደ ጎን ዘርግተህ «አውት» ትላለህ፣ ውስጥ ከሆነች ዝም ብለህ በቀኝ እጅህ መስመሩን ትጠቁማለህ። ካላየህ ደሞ ሁለት እጅህን አንስተህ ዓይንህን ትሸፍናለህ። «ይሄ ነው ከባዱ» አሉ፣ «አላየሁም ማለት»። ልጆቹ ከዚህ ሁሉ የወሰዱት ይቺን የመጨረሻዋን ምልክት ብቻ ነው። የኔን ቻርጀር ማን ወሰደ ስላቸው ስድስቱም ዓይናቸውን ሸፈኑ።

ዓርብ የካቲት 7፣ አዳማ

ጠዋት አዳራሹን ልናይ ሄድን። የአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ነው፣ ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፣ ወለሉ ደህና ነው፣ ሁለት ሜዳ በነጭ ፕላስተር ተሰምሯል፣ አዘጋጆቹ ልጆች ከልባቸው ነው የሰሩት። ግን መስኮቶቹ። በሰሜን በኩል 11 መስታወት የለም፣ ቆጥሬያለሁ። ገብተን ቆመን ሳለ አንድ ስስ ፌስታል ከመሬት ተነስቶ መሀል ሜዳ ላይ እየዞረ ወጣ፣ ቆመ፣ እንደገና ወረደ። ማንም አልተናገረም። እህትየዋ ብቻ «እሱም ተመዝግቧል?» አለች።

ኮች ሁለት ላባ አወጡና ሊፈትኑ ጀመሩ። አፈታተኑ እንዲህ ነው፦ ከሜዳው የኋላ መስመር ላይ ቆመህ ከታች ወደ ላይ በሙሉ ኃይል ትመታታለህ፣ ከወዲያኛው የኋላ መስመር ከ53 እስከ 99 ሴንቲ ሜትር ቀርታ መውደቅ አለባት። ከዛ በላይ ከሄደች ፈጣን ናት፣ ካጠረች ዘገምተኛ ናት። ከፍታ ያለበት አገር አየሩ ስስ ስለሆነ ላባ ይፈጥናል፣ ለዛ ነው ለኛ አገር ዘገም የሚለው የፍጥነት ቁጥር የሚመረጠው። እሺ፣ ኮች ከደቡብ ወደ ሰሜን መቱ፣ አንድ ሜትር ተኩል አጠረች። ከሰሜን ወደ ደቡብ መቱ፣ ከመስመሩ አልፋ ግድግዳ ስር ወደቀች። ያቺው ላባ፣ ያው ክንድ። ሜትራቸውን ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱና «ላባው ደህና ነው፣ ከተማው ነው ፈጣን» አሉ።

ከዛ የሆነው ነገር ደስ ይላል። የሌላ ከተማ ልጆችም መጡ፣ ማዳበሪያ ከረጢት፣ ካርቶን፣ አንድ ሰው የባነር ጨርቅ ከየት እንዳመጣ እንጃ፣ መሰላል ተለመነ፣ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ተቀናቃኝ የሚባሉት ሁሉ ተደጋግፈው መስኮት ደፈኑ። እኔ መሰላል ያዥ ነበርኩ። ዘጠኝ ተደፈነ፣ ሁለቱ በጣም ሩቅ ስለነበሩ ቀሩ። አዳራሹ ወዲያው ምድጃ ሆነ። ንፋስ ወይስ ሙቀት ምረጥ ነው ነገሩ፣ ባድሜንተን ሙቀትን ይመርጣል። ኮች እንዳሉት ትልልቆቹ ውድድሮች ላይም የአየር ማቀዝቀዣው ንፋስ ላባውን ወሰደው እየተባለ ይጮሃል፣ እኛ ብቻ አይደለንም። አሁን እንደውም ለደጅ የሚሆን ንፋስ የሚቋቋም ሻትል የዓለም ፌዴሬሽኑ በፈረንጆቹ 2019 አውጥቷል አሉ፣ ኤር ባድሜንተን የሚባል። አዳማ የዚህ ዋና ከተማ መሆን ነበረባት እኮ።

ምሳ ሽሮ፣ 130 ብር፣ ከሐዋሳ ጋር ያው ነው፣ ግን በርበሬው ይጠነክራል።

ወደ ማታ 11 ሰዓት ከፔንሲዮኑ ጎን ጀበና ቡና አለች፣ አንድ ሲኒ 20 ብር፣ ሳር ተጎዝጉዞ እጣኑ እየጨሰ፣ እዛ ተቀመጥን። የአዳማ አየር ደረቅ ነው፣ ላባ ሲደርቅ ደሞ ይሰባበራል፣ በሁለት ስማሽ፣ ከላይ ወደ ታች በኃይል በሚመታው፣ ጎኑ ይረግፋል። መድኃኒቱ እንፋሎት ነው። ኮች ሁለት ቡና ከጠጡ በኋላ ሴትየዋን «ልጄ፣ ሶስተኛዋ ስትፈላ ክዳኗን አንሺልኝ» አሏት። ሴትየዋ ከጀበናዋ አፍ ላይ ያለውን የሳር ውታፍ አወጣች፣ ኮች የቱቦውን ሁለቱንም ክዳን ከፍተው እንፋሎቱ ላይ ያዙት፣ እጃቸው እየተቃጠለ፣ አንድ ሁለት ሶስት እያሉ እስከ አስር ቆጠሩ፣ ገለበጡ፣ በሌላኛው በኩል ደሞ። ከዛ ክዳኑን ገጥመው አቆሙት። እዛ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ያያል። ሴትየዋ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «አባቴ፣ የሚታጠነው ቤት አይደል እንዴ? ምኑን ነው የሚያጥኑት?» አለች። «ዝይ» አሉ ኮች። «በዓርብ?» አለች። ቡና ጠጪው ሁሉ ፈነዳ። ከሷ በኋላ ማን ይናገር።

ቱቦው በማግስቱም ቡና ቡና ይሸት ነበር። የሰበታ ልጆች «ላባችሁ ምን ተቀብቶ ነው» ብለው ጠየቁን፣ አልነገርናቸውም።

ቅዳሜ የካቲት 8

ጨዋታ የተባለው 2 ሰዓት ነበር፣ የጀመረው 4 ሰዓት ላይ፣ መክፈቻ ንግግር የሚያደርጉት ሰው እስኪመጡ ተጠበቀ፣ መጥተው ስድስት ደቂቃ ተናገሩና ሄዱ። ልጆቹ ሁለት ሰዓት ተኩል አሟሙቀው ቀዘቀዙ። ይሄ ነገር መቼ እንደሚቀርልን እንጃ።

ነጠላዎቹን በአጭሩ፣ ከኛ ሁለቱ በመጀመሪያው ዙር ወጡ፣ ረጅሙ ልጅ ሁለት አሸንፎ ሩብ ፍጻሜ ላይ ቀረ። ያሸነፈው የአዲስ አበባ ልጅ ነው፣ እጁ ላይ ያለው ነገር የሚገርም ነው፣ ሙሉ ስማሽ የሚመታ መስሎ ላባዋን ከመረቡ ማዶ እዛው ስሩ ጠብ ያደርጋታል፣ የኛው ልጅ ከኋላ መስመር ሲሮጥ አርፋ ትጠብቀዋለች። ያ ልጅ በሳምንት አራት ቀን በላባ ነው የሚለማመደው አሉ። ልዩነቱ ሌላ ቦታ አይደለም፣ እዚህ ነው። ዩጋንዳ እኮ ጎረቤት ናት፣ ሴቶቻቸው በፈረንጆቹ 2024 የአፍሪካን የቡድን ውድድር በልተው ቻይና ቼንግዱ ኡበር ካፕ፣ የሴቶች ቡድን የዓለም ዋንጫ፣ ድረስ ሄዱ። ከኛ የበለጠ ሳንባ ኖሯቸው አይመስለኝም።

ጥንዶቹ መጀመሪያ ቢሾፍቱን 21 ለ 15፣ 21 ለ 17 ረቱ። ጨዋታው 21 ነው፣ ሶስት ጌም፣ ሁለት የወሰደ ያልፋል፣ ይሄን እኔም አሁን አውቃለሁ። ሁለተኛው ጨዋታቸው ላይ ግን የእህትየዋ ራኬት ገመድ ተበጠሰ፣ ጠሽ የምትል ድምፅ ነው፣ የወንድሟን መለዋወጫ ይዛ ጨረሰች፣ ከበዳት፣ ግን አለፉ። ከዛ ገመዱን ማን ይስራው? ማሽን የለም፣ ጠየቅን ጠያየቅን ከተማው ውስጥ የሚያውቅ አጣን። ኮች ከቡና ሴትየዋ ወስፌ ተበድረው ፔንሲዮን አልጋ ላይ ቁጭ አሉ፣ ራኬቱን በጉልበታቸው መሀል አጣብቀው ገመዱን እየሳቡ፣ የሳቡትን እንዳይላላ በወስፌው ቀዳዳው ውስጥ እየወተፉ፣ ሶስት ሰዓት ተኩል ፈጀባቸው። ሲጨርሱ በጥፍራቸው መታ መታ አድርገው ጆሯቸውን አስጠጉ፣ ክራር የሚቃኙ ነው የሚመስሉት። ልጅቷ የገመዱን ውጥረት «ስንት ፓውንድ ሆነ?» አለቻቸው። «የወስፌ ፓውንድ ነው፣ ተጫወቺበት» አሉ።

እራት ፍራንኮ አካባቢ ወጣን፣ ቅዳሜ ነው ሥጋ ይበላል፣ ሁለት ሰው የሚያጠግብ ጥብስ 450 ብር፣ የሥጋውን ነገር አዳማን አላማም፣ ከሐዋሳ ይበልጣል፣ አለቀ። ማኪያቶ ግን የሐዋሳ ይሻላል። ማታ ከተማው ደስ ይላል፣ ቀን ሙቀት የደበቀው ሰው ሁሉ ይወጣል፣ ንፋሱም ያኔ ነው የሚጣፍጠው። ኮች ብቻ ናቸው ቀና ብለው የዛፍ ቅጠል የሚያዩት።

እሁድ የካቲት 9

ጠዋት ቤተክርስቲያን የሄደ ሄደ። ግማሽ ፍጻሜው 5 ሰዓት ላይ ነው።

አሁን የኔ ጉድ መጣ። የመስመር ዳኛ አነሰ፣ ሁለት ልጆች ሆዳቸውን ታመው ቀርተዋል፣ ኮች ደሞ የራሳቸው ልጆች ስለሚጫወቱ አይቀመጡም። አንዱ አዘጋጅ እኔን አየና «ጋሼ ይቀመጡልን» አለ። አጎታቸው ነኝ አልኩ። ተጋጣሚዎቹ የአዳማ ልጆች ናቸው፣ አሰልጣኛቸው «ችግር የለም፣ ሽማግሌ ሰው አይዋሽም» አለ፣ እኔ 36 ዓመቴ ነው። የኋላ መስመር ተሰጠኝ፣ ፕላስቲክ ወንበር፣ ከበሩ ፊት ለፊት።

አንድ ጌም ለኛ 21 ለ 18፣ አንድ ጌም ለነሱ 21 ለ 14። ያልተደፈኑት ሁለቱ መስኮቶች ስራቸውን እየሰሩ ነው፣ ከሰሜን በኩል የቆመ በእርጋታ ካልመታ ይወጣበታል፣ ከደቡብ የቆመ ደሞ አንጀቱ እስኪወጣ ካልመታ አይደርስለትም። ሶስተኛው ጌም ላይ 11 ሲሞላ ሜዳ ይቀያየራሉ፣ 11 ለ 9 እየመራን ተቀያየርን፣ ወደ ደቡቡ ወጣን። ከዛ አንድ በአንድ፣ 13፣ 15፣ 17 እኩል። ወንድምና እህት መጣላት አቁመዋል፣ እንደውም አይነጋገሩም፣ እሷ ከፊት መረቡ ላይ፣ እሱ ከኋላ። 19 እኩል።

አዳራሹ ጸጥ አለ። ረጅም ምልልስ ሆነ፣ እህትየዋ ከፊት አፈግፍጋ አንዷን ወደ ኋላ ከፍ አድርጋ ላከቻት፣ ወደኔ መስመር፣ ቀጥታ ወደኔ። ላባዋ ከላይ ስትመጣ አያታለሁ፣ እያየኋት ነው፣ ያኔ በሩ ተከፈተ። ሻይ የምታዞረው ልጅ ናት፣ ፔርሙስ ይዛ፣ በጀርባዋ ነው በሩን የገፋችው። የአዳማ ንፋስ ከነአቧራው ገባ። አንድ ዓይኔ ውስጥ የሆነ ነገር ገባብኝ፣ ጨፈንኩ፣ ስከፍት ላባዋ መሬት ላይ ነች፣ መስመሩ ጋ፣ ግን ካረፈች በኋላ ንፋሱ እያንከባለላት። የት ወደቀች? ሰው ሁሉ እኔን ያያል። ዋናው ዳኛ እኔን ያያል። እህትየዋ እኔን ታያለች፣ ያቺ ሕጻን ሆና ገላዋን ያጠብኳት ልጅ። የአዳማው አሰልጣኝም ያየኛል።

ሁለት እጄን አነሳሁና ዓይኔን ሸፈንኩ።

ከኋላዬ ከሮኬቶቹ አንዱ ሳቀ፣ ጨዋታ መስሎት ነው። ዋናው ዳኛም አላየም፣ «ሌት» አለ፣ ነጥቡ ይደገም። ሲደገም ወንድምየው መረብ ላይ መታት፣ 20 ለ 19። ቀጣዩ ላይ አዳማዎቹ እሷ ላይ ስማሽ ለቀቁ፣ ነካቻት ግን ወጣች። 21 ለ 19። አለቀ።

ተጨባበጡ፣ ጨዋዎች ናቸው ሁሉም። እህትየዋ ቦርሳዋን ይዛ በአጠገቤ ስታልፍ «ጋሼ፣ ታዲያ ዓይንህን ለምን ይዘኸው መጣህ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፣ ዓይኔ እንባ ያወርዳል በአቧራ። ኮች መጥተው በመሀረባቸው ጫፍ አወጡልኝ፣ አንዲት ቅንጣት አሸዋ። ስለ ጨዋታው አንድ ቃል አልተናገሩም። ማታ ቡና ላይ ብቻ፣ ለሴትየዋ ወስፌዋን ሲመልሱ፣ ወደኔ እየጠቆሙ «ይሄ ልጅ ትክክለኛ የመስመር ዳኛ ወጣው» አሏት። እሷ ምን ገብቷት፣ «እንኳን ደስ ያለህ» ብላ ቡናውን በነጻ ቀዳችልኝ።

ፍጻሜውን አዳማዎቹ በሉ። ይገባቸዋል፣ ያንን ንፋስ ያውቁታል።

ሰኞ የካቲት 10፣ መልስ

ሚኒባሱ ያው 450፣ የጭነት ግን ማንም አልጠየቀንም። ከ12ቱ ላባ የተረፈችው አንዲት ናት፣ ወንድምየው ከሾፌሩ ፊት ዳሽቦርዱ ላይ አቆማት። እህትየዋ መስኮት በኩል ተቀምጣ እስከ ሞጆ አላናገረችኝም፣ መቂን ስናልፍ ብስኩት ከፈተች፣ አንዱን ሳታየኝ ወደኋላ አቀበለችኝ።

ላንጋኖ አካባቢ ሾፌሩ ሞቀው፣ መስኮቱን እስከ ታች ከፈተው። ላባዋ ከዳሽቦርዱ ተነሳች፣ መሪውን አለፈች፣ ሾፌሩን ጆሮው ላይ ነክታ ወጣች። ስድስት ልጅ በአንድ ጊዜ «አቁም!» ሲል ሾፌሩ ሰው የገጨ መስሎት ፍሬን ረገጠ። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች አጉረመረሙ፣ ልጆቹ ወርደው ወደ ግራሩ ሮጡ፣ እኔም ወረድኩ። ስንደርስ አንዲት ፍየል ቀድማናለች፣ አፏ ውስጥ ከታ እየሞከረቻት ነው። እህትየዋ ናት የያዘቻት፣ በአንድ እጇ ቀንዷን በሌላው ቡሹን ይዛ ጎተተች።

ሚኒባስ ውስጥ ተመልሰን ላባዎቹን ቆጠርን። ከ16ቱ 13 ቀርቷል። ኮች ተቀብለው አገላብጠው አዩአት፣ የታጠፉትን በጣታቸው አቃኑ፣ አሸተቷት። «ለልምምድ ትሆናለች» ብለው ቱቦው ውስጥ ከተቱና ክዳኑን ገጠሙት።